«ልጆቹ ጨርሰዋል» ያልኩ ቀን

ሰሞኑን በደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ስለ እኔ የሚወራው እውነት ነው። ሽማግሌ ለዱአ እጁን ዘርግቶ፣ አዳራሹ ሁሉ መዳፉን ከፍቶ ሳለ፣ እኔ እጄን ወደ ታች አድርጌ ቆሜያለሁ። መቆም ብቻ አይደለም፣ ተናግሬያለሁ። ግማሹ ሰው «ሰይድን ሀብት አሳበደው» ይላል። ሀብቴን ያየ ሰው ይህን አይልም፤ ጆንያና ገመድ ሸጦ ከሀብት ብዛት ያበደ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ሌላው «ዓይን በልቶት ነው፣ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ይጠጣ» ብሎ ሚስቴን መክሯታል። ሚስቴ ለጥንቃቄ አጠጥታኛለች። አልለቀቀኝም።

ለምን እንዳደረግሁት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለመስጊዳችን ኢማም አልተናገርኩም። ሊነገራት ለሚገባት ሴት፣ ፊቷ ቆሜ፣ አልተናገርኩም። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ከእኔ ገመድ ገዝታችሁ ካልተበጠሰባችሁ በቀር ቂም የለባችሁም። ስለዚህ ስሙኝ። በዚህ ባልተነሳ እጄ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ከዓመታት በፊት በዚያው አዳራሽ ያነሳሁትን እጄን እወቁልኝ። ጥፋቱ ያኛው ነው።

በኛ አገር ስብሰባ በዱአ ይከፈታል፣ በዱአ ይዘጋል። ሰብሳቢው ከየትም ይምጣ፣ ማይክሮፎኑ ማንም እጅ ላይ ይሁን፣ መጨረሻው ያለው ሽማግሌው መዳፍ ላይ ነው። ሽማግሌው እጁን ሲዘረጋ ሙስሊሙ አሚን ይላል፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳም ግራ ቀኙን አይቶ መዳፉን ይከፍታል። መዳፍ ፊት ላይ ከታበሰ በኋላ ነገር የሚያነሳ የለም። የሚያነሳ ካለ ምርቃት አፍራሽ ነው፣ ለልጁም ሚስት አያገኝለትም። ደግ ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ስንት ደም ደርቋል፣ ስንት ተኳርፎ የነበረ ወንድማማች አንድ ማዕድ ቀርቧል። ዱአን አልከስም። የምከሰው እኔን ነው። ያን ደግ ነገር የሰው አፍ መዝጊያ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቆቻችን ጀርባ ባዶ ግቢ ነበረ፤ ድሮ የመንግሥት መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ተገፎ ግድግዳው ብቻ የቀረ። እኛ ነጋዴዎች ለጭነት ማራገፊያና ለመጋዘን ተመኘነው። የሰፈሩ ወጣቶችም ተመኙት። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት «ሕዝብ ይምከርበት፣ በተለይ የወጣቱ ድምፅ ይሰማ» ብሎ ስብሰባ ጠራ። «በተለይ የወጣቱ» የምትለዋን ስሰማ አልደነገጥኩም። ወጣት ስብሰባ ሲጠራ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፦ ወንበር ይደረድራል፣ ያጨበጭባል፣ ወንበሩን ይመልሳል።

ችግሩ ሀያት ነበረች።

ሀያት የሰፈራችን ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስታጣ የዘመድ ባጃጅ ይዛ መንዳት ጀመረች። ያኔ ደሴ ላይ ሴት ባጃጅ ስትነዳ ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቆሞ የሚያየውን «ትሳፈራለህ ወይስ ፎቶ ላንሳህ?» ትለው ነበር። አንድ ቀን ባጃጇን ደጄ አቁማ ገባች።

«ጋሼ ሰይድ፣ ረጅም ገመድ ያውሱኝ።»

«ገመድ ይሸጣል እንጂ አይዋስም። ምን ልታስሪበት ነው?»

«የምናስረው የለም። ግቢውን ልንለካ ነው።»

«የማንን ግቢ?»

«እሱን እኮ ነው ተሰብስባችሁ ወስኑ የተባልነው።»

ሳቅሁና ሰጠኋት። በነጋታው ገመዱን ንጹህ አድርጋ፣ በሥርዓት ጠቅልላ መለሰችልኝ። እኔ ጠቅልዬው እንደዚያ አያምርም። ከዚያ ሱቄ ወለል ላይ በርከክ ብላ በጠመኔ ትሥልልኝ ጀመር። እዚህ ጋ ባጃጅ ማቆሚያ፣ መንገዱን ለቆ። እዚህ ጥግ መጠገኛ ዳስ። በአጥሩ ሥር ደግሞ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ዕቃቸውን አቅፈው ለሚሮጡት ሴቶች መደብ። በር ያለው መጸዳጃ ቤት፤ «በር» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አለቻት። ለብቻዋ ያሰበችው አልነበረም። ከጓደኞቿ ጋር ሹፌሮቹን ጠይቀው፣ ሴቶቹን ጠይቀው፣ እርስ በርስ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ ድምፅ ሰጥተው የደረሱበት ነበር። እሷን ተናጋሪ አድርገው የመረጧትም እንደዚያው ነው።

«እኛስ? ነጋዴውን የት ጣላችሁት?» አልኳት ለቀልድ።

«እናንተን? ጠዋት ጠዋት ባጃጁ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ግቢው ባዶ ነው። ያኔ ጭነታችሁን ታራግፋላችሁ። ብቻ በሰዓቱ መውጣት ነው።»

እዚህ ጋ ቆሙልኝ። የጥፋቴ ሥር እዚህ ነው። ሐሳባቸው ከንቱ ቢሆን ኖሮ ምን ቸገረኝ? እስኪደክማቸው ባስወራኋቸው፣ በመጨረሻም «ጎበዝ ልጆች» ብዬ ባጨበጨብኩላቸው። ያስፈራኝ ደህና መሆኑ ነው። ከእኛ ይሻል ነበር። ለእኔ እንኳን ቦታ ነበረው! ታዲያ ምን አጎደለብኝ? ንግዴን? አይደለም። ያጎደለብኝ ጌትነቴን ነው። ትናንት ገመድ ልትዋስ የመጣች ልጅ ነገ «ጋሼ ሰይድ፣ ሰዓትዎ አልቋል፣ መኪናውን ያውጡ» ልትለኝ ነው። ይህን ማየት አቃተኝ። ሰው ከኪሱ ሲጎድል ቢናደድ ይገባኛል። እኔ የተናደድኩት የምሰጣት ትእዛዝ ስለሚቀንስብኝ ነው። እንዲህ ያለ ስስት ስም አለው? ካለው ንገሩኝ።

ስብሰባው ደረሰ። ሰብሳቢው ተናገረ፣ ባለሙያ ተናገረ፣ ነጋዴው በየተራ ተናገረ። እኔም ተናገርኩ፤ ደሴ ያለ መጋዘን ደሴ አትሆንም የሚል ነገር ነበር፣ ተጨብጭቦልኛል። ወጣቶቹ በመጨረሻ ነበሩ፤ ሁልጊዜም በመጨረሻ ናቸው። ሰብሳቢው «አሁን ወጣቶች ይቀጥላሉ» ብሎ ስልክ ሊያነጋግር ወደ ውጪ ወጣ። ሀያት ከኋላ ወንበር ተነሳች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጉልበት እየተሻገረች፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ወደ ፊት ትመጣለች።

እኔ ከሸህ ሁሴን አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሸህ ሁሴንን የሰፈሩ ትንሽ ትልቁ ያከብራቸው ነበር፤ ክርስቲያኑ እንኳ ልጁ ለፈተና ሲቀመጥ እሳቸው ጋ ወስዶ ያስመርቅ ነበር። ጆሯቸው ደክሟል፤ ስብሰባ ላይ የሚሆነውን የሚከታተሉት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እየነገራቸው ነው። የዚያን ቀን የሚነግራቸው ሰው እኔ ነበርኩ። ጆሯቸውን አምነው የሰጡት ለእኔ ነበር።

ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁና «ሸህ ሁሴን፣ ልጆቹ ጨርሰዋል፤ ዱአ ያድርጉልን» አልኳቸው።

«ጨረሱ?» አሉኝ።

«ጨረሱ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። አዳራሹ ሁሉ ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፤ ያ የተነሳ እጄ ይሄ ነው። ሀያት ወንበሮች መሃል መንገድ ላይ እንደቆመች ቀረች። ወደ ፊት አትመጣ፣ ዱአ ነው። ወደ ኋላ አትመለስ፣ ዱአ ነው። ሸህ ሁሴንን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እጆቿን ቀስ ብላ ዘረጋች። «አላህ አንድነታችሁን ይጠብቅ» «አሚን!» «ወጣቶቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃ» «አሚን!» ያን ሁሉ አሚን ለይቼ አልሰማሁም፤ የእሷን ግን ሰማሁት። ዛሬም እሰማዋለሁ።

ሰብሳቢው ሲመለስ ሰው ፊቱን አብሶ እየተነሳ ነው።

«እንዴ፣ አለቀ?»

«በስምምነት» አልኩት እኔ።

«ወጣቶቹስ?»

«አብረው አሚን ብለዋል።»

ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። «ወጣቶች በሙሉ ተሳትፎ» ተብሎ ተነገረ። ውሸት ነው? አልተሳተፉም? ለገዛ አፋቸው መዘጊያ አሚን ብለውልኝ የለም እንዴ!

ደጅ ላይ ሀያት ጠበቀችኝ። አልጮኸችም።

«ጋሼ ሰይድ፣ እኔ ቆሜ እያዩኝ ሸህ ሁሴንን ያስነሳቸው ማን ነው?»

ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይብሳል። «እኔ ምን አውቄ?» አልኳት፤ «ሸሁ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ የልጅ ወሬ ሰልችቷቸው ይሆናል።»

«ሰልችቷቸው?» አለች። ድምፅዋ ያኔ ነው የተሰበረው። ሸህ ሁሴን ስትወለድ ጆሮዋ ላይ አዛን ያሉላት ሰው ናቸው። «እኔ እጄን የዘረጋሁት ለአላህ ነው። ለናንተ እንዳይመስላችሁ» ብላ ባጃጇን አስነስታ ሄደች።

ግቢው መጋዘን ሆነ። ጥሩው ጥግ ለእኔ ደረሰኝ። ባጃጆቹ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ሴቶቹም ዕቃቸውን አቅፈው መሮጡን ቀጠሉ። እኔ ከመጋዘኔ ደጃፍ ሆኜ ሲሮጡ እያየሁ «ይቺ አገር ሥርዓት የላትም» እል ነበር። አፍረት የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ሱቄ አይገባም ነበር።

ሸህ ሁሴን ከመሞታቸው በፊት ታመው ልዘይራቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው «ሰይድ፣ ሀያት በዚያ ስብሰባ ምን ብላ ነበር? ጆሮዬ ደክሞ አልሰማኋትም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም፤ አስቀይሜያት ይሆን?» አሉኝ።

«ደግ ነገር ነው የተናገረችው፣ አብሽሩ» አልኳቸው።

«ደግ ከተናገረች አልሀምዱሊላህ» አሉ። በዚያው ሄዱ። ሀያት ለለቅሶ አልመጣችም። ሰው «ዘመናይ ሆነች፣ ኮራች» ብሎ አማት። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሐሜቱን ሰማሁ። ዝም አልኩ። እናቷ ስታፍር አየሁ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ዘዴዬ ዘዴ ሆኖ ተለመደ። ነጋዴው ከባድ ስብሰባ ሲኖርበት «ሰይዶን ከሽማግሌው ጎን አስቀምጡት» ይባል ጀመር። ስብሰባ በማሳጠር ታወቅሁ፤ የሚያመሰግነኝ ብዛቱ! ወጣቶቹ መምጣት አቆሙ። የኋላ ወንበሮች ባዶ ሆኑ፤ ወንበር የሚደረድርም ጠፋና በቀን ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ እኛ ትልልቆቹ ተቀምጠን «የዛሬ ወጣት ለአገር ጉዳይ ግድ የለውም፣ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው» እንባባላለን። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። በሩን የዘጋሁት እኔ፣ ለምን አይገቡም ብሎ የሚገረመውም እኔ! እንዲህ ያለ ፊት የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ጆንያውን ትቼ እሱን በነገድኩ።

ዘንድሮ መጋዘኖቹ ሊፈርሱ ነው፤ መንገድ ይሰፋል፣ የተረፈው መሬት ምን ይሁን ተብሎ ሕዝብ ይምከር ተባለ። ከስብሰባው በፊት ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሀያት እዚያ ነው የምትኖረው፤ አግብታለች፣ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አላት። እግሬ ወሰደኝ። ልናዘዝ ነበር የሄድኩት። ወላሂ ለዚያ ነበር።

«እንዴት ነዎት ጋሼ ሰይድ? ባጃጅ ገዙ እንዴ?» አለችኝ።

«ስለ ግቢው ሌላ ስብሰባ አለ። ነይና ተናገሪ። ያኔ ያላልሽውን በይ።»

ሳቀች፤ ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። «የወጣት ስብሰባ ነው አይደል? እኔ እኮ አሁን ወጣት አይደለሁም። የወጣት ጊዜዬን እዚያ ወንበሮች መሃል ቆሜ ጨረስኩት። አሁን ያሉትን ጠይቋቸው። ሸህ ሁሴን ግን…» አለችና ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «አላህ ይዘንላቸው። እንደ አባቴ ነበሩ፤ እንደዚያ ያደርጉኛል አላልኩም ነበር።»

አፌ ደርሶ ነበር። በቃ፣ «እኔ ነኝ» የምትል ቃል ናት። ደንበኛ ገባ፣ ካንዴላ ጠየቀ። ደህና ዋይ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ስብሰባ ሙሉ ሰው ያታለልኩ ሰው አንዲት ሴት ፊት እውነት መናገር አቃተኝ።

ስብሰባው ላይ ልጆቹ መጥተው ነበር፤ ትንሽ ናቸው፣ ከኋላ ነው የተቀመጡት። ትልልቁ ተናግሮ ተናግሮ ተራው ወደ እነሱ ሲዞር፣ አንድ ቀጭን ልጅ ብድግ ሲል፣ ካሳ የሚባለው የንግድ ባልደረባዬ ወደ አዲሱ ሽማግሌ ጎንበስ ሲል አየሁት። አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁት፤ «ልጆቹ ጨርሰዋል» አላቸው። የገዛ ቃሌ! በእኔው ድምፅ ልክ፣ በእኔው ትሕትና። ከእኔ ነው የተማረው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ አዳራሹ ዘረጋ። እኔ እጄን አውርጄ ተነሳሁ።

«ይቆዩ!» አልኩ። «አልተናገሩም። አንዱም አልተናገረም።»

«ሰይዶ፣ ምን ነካህ? ዱአ ነው እኮ!» አለ ካሳ።

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

ከወዲያ ወዲህ «አዑዙቢላህ!» ተባለ። ሽማግሌው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። «ዱአ አይቸኩልም» አሉ። «አላህ እንደሆነ ሁሌም ይሰማል። እስቲ እኛም እንስማ።»

ልጆቹ ተናገሩ። ሁሉም ቁም ነገር ነው አልልም፤ አንዱ መሬቱን የእግር ኳስ ሜዳ እናድርገው አለ፣ ቦታው ለበረኛው ብቻ እንኳ አይበቃም። ያ ቀጭን ልጅ ግን ማይክሮፎኑን ይዞ በመጀመሪያ ያነሳው ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «ጋሼ ሰይድ እንድንናገር ስላደረጉን እናመሰግናለን። የጋሼ ሰይድ መጋዘን ጥሩውን ጥግ ያገኘው በምን አግባብ እንደሆነ ቢነገረን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካሳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! ደስ አለኝ ግን እንዳትሉ፤ አላለኝም። ነገር ግን ጥያቄው ትክክል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ደስ እንዲል ማን ቃል ገባ?

አሁን ካሳና ሌሎቹ የመጋዘኑን ጥያቄ በሽማግሌ እንጨርሰው ይሉኛል። ከልጆቹም ጋር፣ ዱአ ካቋረጥክባቸው ሽማግሌም ጋር እናስታርቅህ፣ ዱአ ይደረግና ነገሩ ይዘጋ ይሉኛል። እንቢ አልኳቸው። የኔ በደል የመዝጋት በደል ነው፤ በሌላ መዝጊያ አይታጠብም። ነጋዴ ነኝ፣ የተበላሸ ዕቃ በጥሩ ሸራ ሲጠቀለል አውቃለሁ።

ሀያት፣ ይህ ከደረሰሽ ስሚ። ሸህ ሁሴን አልሰለቹሽም። ጨርሳለች ያልኳቸው እኔ ነኝ። እስኪሞቱ ድረስ ለምን እንደቀረሽባቸው ይጠይቁ ነበር፤ ቂምሽን ከእሳቸው ላይ አንሺና እኔ ላይ አድርጊው፤ ለዱአ ስትዘረጊ ስማቸውን ጥሪ፣ የእኔን ከፈለግሽ ተይው። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አፉ ካልሽኝ ተገላግዬ እተኛለሁ፤ ያን ያህል ደግ እንድትሆኚልኝ የመጠየቅ መብት የለኝም።

ልጆቹ ስለ መጋዘኑ መልስ እንድሰጥ ለመጪው ስብሰባ ጠርተውኛል፤ እነሱ ናቸው የጠሩኝ፣ ሰዓቱንም እነሱ ናቸው የቆረጡት። እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ እዚያ እደግመዋለሁ። ሽማግሌ ግን ይዤ አልሄድም።